ሦስተኛው መጽሐፍ የት ሄደ?

በዚህ ገጽ ብዙ ጊዜ የምንጽፈው ስለ መማሪያ መጻሕፍት ነው። ዛሬ ግን ፈተና ላይ ስለማይመጣ መጽሐፍ ልጽፍላችሁ ነው። ምክንያቱ አንዲት ተማሪ ናት። ባለፈው ወር የማታ ጥናት ላይ መጽሐፏን ዘግታ ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ስትጠርግ አየኋትና «ምን ሆንሽ?» አልኳት። «ፔሪን አገሩ ተመለሰ፤ ቤተሰቡ ግን የሉም፣ ተገድለዋል» አለችኝ። አጠገቤ የነበረው የሒሳብ መምህር ሳቀ። «ለእውነተኛው ሰው የሚለቀሰው መቼ አልቆ ነው ላልነበረ ሰው የምታለቅሺው?» አላት። ልጅቷ መልስ አልሰጠችውም። እኔም ያን ጊዜ መልስ አልነበረኝም።

መጽሐፉ «ዘ ዊል ኦፍ ታይም» ይባላል፤ የጊዜ መንኮራኩር እንደ ማለት ነው። ደራሲው አሜሪካዊው ሮበርት ጆርዳን ነው። የመጀመሪያው ክፍል የወጣው እ.ኤ.አ. በ1990 ሲሆን የመጨረሻው 14ኛው ክፍል በ2013 ወጣ። በጠቅላላው ከአራት ሚሊዮን ቃላት በላይ ነው። በእኛ ቤተ መጻሕፍት ያሉት 1ኛው፣ 2ኛው፣ 4ኛውና 5ኛው ብቻ ናቸው፤ ሽፋናቸው ተገንጥሎ በማዳበሪያ ጆንያ ተሰፍቷል። ሦስተኛው ነበረ፣ ጠፋ። ተማሪዎቹ ከሁለተኛው ወደ አራተኛው ሲዘሉ መሃሉን ራሳቸው ፈጥረው ይሞሉታል። እንደውም አንድ ልጅ ሦስተኛውን በደብተሩ ጽፎታል። አንብቤዋለሁ፣ ሰይፍ ይበዛበታል እንጂ መጥፎ አይደለም።

ታሪኩ የሚጀምረው ከገበሬ መንደር ነው። የክረምት ማብቂያ በዓል ዋዜማ ላይ ጭራቆች በሌሊት ይመጡና ቤት ያቃጥላሉ። ራንድ የሚባለው ወጣት የቆሰለ አባቱን በእንጨት ቃሬዛ እየጎተተ በጫካ ውስጥ ሌሊቱን ሙሉ ይሄዳል። አባትየው በትኩሳት እየቃዠ፣ ልጁን ሕፃን ሳለ ተራራ ላይ እንዳገኘው ይናገራል። ልጁ በአንድ ሌሊት ቤቱንም አባቴ የሚለውንም ሰው ሊያጣ ነው። በማግስቱ ሲመሽም ከጓደኞቹ ጋር ከመንደሩ ይወጣል፤ «ለትንሽ ጊዜ ነው» ብሎ።

ይህን ምዕራፍ በክፍል ውስጥ ጮክ ብዬ አንብቤዋለሁ። እርሳስ እንኳ የነካ አልነበረም። አስማቱን ማብራራት ነበረብኝ፣ ጭራቆቹንም ማብራራት ነበረብኝ፤ ቃሬዛውን ግን ማንም እንዳብራራለት አልጠየቀኝም። ጆርዳን ራሱ በቬትናም ጦርነት ሄሊኮፕተር ላይ ተኳሽ ሆኖ ሁለት ዙር ያገለገለ ሰው ነው። ሽሽትን እንዲህ የሚጽፈው ከዚያ ያመጣው ይመስለኛል።

ደራሲው አንባቢን የሚይዘው በጦርነቱ አይደለም። በርዝመቱ ነው። ከአንድ ሰው ጋር ሺህ ገጽ አብረህ ስትሄድ ጉረቤትህ ይሆናል፤ አመሉን ታውቃለህ፣ ሲዋሽ ያስታውቅሃል። ግን ይኸው ርዝመት ጉዳትም አለው፣ ይህን ሳልናገር ባልፍ አድሏዊ እሆናለሁ። ኒኔቭ የምትባለው ሴት በተናደደች ቁጥር የጸጉሯን ጉንጉን ትጎትታለች። በመጀመሪያ ደስ ይላል፤ በአምስተኛው መጽሐፍ ላይ ግን ጸጉር የቀረላት መሆኑ ይገርማችኋል። በ2003 የወጣው አሥረኛው ክፍል ደግሞ አንዳች ነገር የማይከናወንበት ነው ብለው ብዙ አንባቢዎች አማርረዋል። በስልኬ አንብቤዋለሁ፣ እውነታቸውን ነው። ታዲያ ያማረሩት ሰዎች አስራ አንደኛውንም ገዙት። ለምን? ታሪኩ ቢቆምም ሰዎቹ ዘመዶቻቸው ሆነዋላ። ዘመድ ደግሞ ወሬው ቢሰለችም ይጠየቃል።

ከዚያ የሆነውን ስሙ። ጆርዳን በ2006 አሚሎይዶሲስ የሚባል ብርቱ በሽታ እንደያዘው ለአንባቢዎቹ ተናገረ። በ2007 መስከረም ወር፣ ገና በ58 ዓመቱ፣ የመጨረሻውን መጽሐፍ ሳይጨርስ ሞተ። መሞቱን ስላወቀ ግን የታሪኩን ፍጻሜ ማስታወሻ ትቶ፣ ከመዝጊያው ትዕይንት ጽፎ ነበር የሄደው። ብራንደን ሳንደርሰን የሚባል፣ ከጉርምስናው ጀምሮ እነዚህን መጻሕፍት እያነበበ ያደገ ወጣት ደራሲ የኀዘን ጽሑፍ ጻፈለት። የጆርዳን ባለቤትና የመጻሕፍቱ አርታዒ የነበሩት ሃሪየት ማክዱጋል ያን አንብበው ደወሉለትና ሥራውን እንዲጨርስ ሰጡት። አንድ ይሆናል የተባለው መጽሐፍ ሦስት ሆኖ በ2009፣ በ2010 እና በ2013 ወጣ።

ጥሩ ጨረሰው ወይ? በእኔ አስተያየት ፍጻሜውን በሚገባ አደረሰው፤ ድምፁ ግን የሌላ ሰው ነው። በተለይ ማት የሚባለው ቀልደኛ ልጅ በመጀመሪያው የሳንደርሰን መጽሐፍ ላይ ሌላ ሰው ልብሱን ለብሶ የመጣ ይመስላል። አንባቢዎች ይህን ወዲያው አወቁ። ወንድማችሁ ከሩቅ አገር ስልክ ደውሎ ድምፁ ቢለወጥባችሁ እንደምታውቁት ማለት ነው። ቢሆንም ተቀበሉት፣ ምክንያቱም የጨረሰው ሰው እንደነሱው ያዘነ አንባቢ ነበር።

የጆርጅ ማርቲን አንባቢዎች ግን እንዲህ አልታደሉም። የእሱ አምስተኛ መጽሐፍ በ2011 ከወጣ ወዲህ ስድስተኛውን ሲጠብቁ ዓመታት አለፉ። እንደ ጆርዳን ሳይጨርስ ይሞትብናል ብለው በአደባባይ ሲሰጉ፣ ሰውዬው በ2014 ለአንድ ጋዜጠኛ የሰጠው መልስ እዚህ ጋዜጣ ላይ የማይጻፍ ስድብ ነው። በሱም አልፈርድም። የሰው ዕድሜ መቁጠር ነውር ነው። ግን አንባቢዎቹንም ስግብግብ ማለት አልችልም። የጠየቁት ገንዘባቸውን አይደለም፣ በመንገድ ላይ ትተዋቸው የመጡትን ሰዎች ወሬ ነው።

እኛ አገር ተረት የሚያወራ ሰው ሲጨርስ «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ» ይላል። ልጅ ሆኜ ዳቦው ብቻ ነበር የሚገባኝ። አሁን ሳስበው ግን ተረት እንደ ብድር ነው፤ ሰሚው ይዞት አይቀርም፣ ለሌላ ያወራዋል። ሳንደርሰን ያደረገው ይህንኑ ይመስለኛል። ያ በደብተሩ ሦስተኛውን የጻፈው ልጅም እንዲሁ።

ወደ ሒሳብ መምህሩ ልመለስ። እናቴ «ፍቅር እስከ መቃብር» በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በሬዲዮ ሲተረክ ለበዛብህ ታለቅስ ነበር። በቤታችን ለቅሶ ያልነበረበት ጊዜ ግን አልነበረም፤ ለነዚያ ሙታን ስታለቅስ አይቻት አላውቅም፣ ልጆች ፊት አታለቅስማ። ለበዛብህ ግን እፊታችን፣ ጎረቤት ተሰብስቦ፣ ቡና እየተቀዳ ነበር የምታለቅሰው። ልጅቷም እንደዚያው ይመስለኛል። ስለ አባቷ ቤት አንድም ቀን አውርታ አታውቅም። ስለ ፔሪን ቤት ግን ግማሽ ሰዓት አወራችኝ፤ የአንጥረኛ ቤቱን፣ የፖም ዛፎቹን፣ ሁሉን። ይህን ለባልደረባዬ ነገርኩት። ዝም አለና «አራተኛው መጽሐፍ ተራው የማን ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። አሁን እሱ ጋር ነው ያለው።

እኔ ዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ዓመት ላይ አቋርጬ የወጣሁ ሰው ነኝ፤ ያልተጨረሰ ነገር ምን እንደሚመስል አውቃለሁ። ስለዚህ ተማሪዎቹ «መጨረሻው ምን ይሆናል?» ሲሉኝ መናገር እየቻልኩ አልነግራቸውም። ስልኬ ላይ ያሉትን ቀሪ ክፍሎች ማክሰኞና ሐሙስ ከሰዓት በኋላ አሥር ሰዓት ላይ ጮክ ብለን ማንበብ እንጀምራለን፤ ደብተር ይዛችሁ ኑ።

ሦስተኛውን መጽሐፍ የወሰዳችሁ ደግሞ በቤተ መጻሕፍቱ መስኮት በኩል አስገቡት። ማንም ስማችሁን አይጠይቅም።