ቅሬ፣ የሐዘን ቀን ደራሽ

አዲስ አበባ እድር አላት፤ ቆቦና የራያ ቆላ ደግሞ፣ እንደ ቀረው ወሎ፣ ቅሬ አላቸው። ሰው ሲሞት ጥሪው ከመንደር መንደር ይሰማል፤ ማሽላ ሊያጭድ የወጣውም ማጭዱን ጥሎ ይመለሳል። ከዚያ በኋላ «ምን ልሥራ?» ብሎ የሚጠይቅ የለም። ጎልማሶቹ ዶማና አካፋ ይዘው ወደ መቃብሩ፣ ቃሬዛ ተሸካሚዎቹ ወደ ለቅሶ ቤቱ፣ ሴቶቹ ወደ ውኃው፣ ወደ ንፍሮውና ወደ እንጀራው።

ከሁሉ የማደንቀው ሃይማኖት አለመለየቱን ነው። ሙስሊሙ ለክርስቲያን ጎረቤቱ ጉድጓድ ይቆፍራል፣ አስከሬኑን ይሸኛል፤ ፍትሐቱን ለካህናቱ ይተዋል። ክርስቲያኑም የሙስሊሙ ቀብር እንዳይዘገይ ይሮጣል፤ ከፈኑንና ሶላተል ጀናዛውን ለእምነቱ ሰዎች ይተዋል።

ቅሬ ርኅሩኅ ብቻ ሳይሆን ቆፍጣናም ነው፤ ያለ ምክንያት የቀረ ይቀጣል። ለባለጸጋውም ለምስኪኑም እኩል ቀባሪ የሚገኘው በዚህ ጥብቅነት ነው። ቅሬ ባይኖር ሐዘንተኛው እንባውን ሳይጠርግ የቆፋሪና የተሸካሚ ዋጋ ሲከራከር ይውል ነበር። ይህን ላስቀራችሁልን ሁሉ፣ ቀባሪ አያሳጣችሁ!