ክላረንደን፤ የአንድ ደማቅ ፊደል ጠባይና አገልግሎት

አንድ የማተሚያ ፊደል መልካም ነው ወይስ አይደለም ብሎ ለመፍረድ መልኩን ብቻ መመልከት አይበቃም፤ ለምን ሥራ እንደ ተቀረጸም መጠየቅ ያስፈልጋል። በዚህ አጭር ጽሑፍ ክላረንደን የተባለውን ደማቅ የላቲን ፊደል በዚሁ ሚዛን ለመመርመር እንሞክራለን።

ክላረንደን እ.ኤ.አ. በ1845 በለንደን ከተማ፣ የማተሚያ ፊደል ከሚያቀልጠው ከፋን ስትሪት ቤት ወጣ። ያስወጣው ሮበርት ቤዝሊ ሲሆን ቅርጹን በብረት ላይ የቀረጸው ቤንጃሚን ፎክስ ነው። ከዚያ አስቀድሞም በእንግሊዝ አገር ወፍራም ፊደሎች ነበሩ፤ ነገር ግን አብዛኞቹ ለማስታወቂያ የተሠሩ ስለ ነበሩ ከመጽሐፍ ፊደል ጋራ በአንድ መስመር ሲሰለፉ አይስማሙም ነበር። የክላረንደን አዲስነት እዚህ ላይ ነው፤ ይኸውም ከተራው የመጽሐፍ ፊደል አጠገብ ቆሞ አንዱን ቃል ነጥሎ እንዲያሳይ ታስቦ መሠራቱ ነው።

ጠባዩም ለዚሁ ሥራ የተስማማ ነው። በቋሚው ጫፍ ላይ ያለችው፣ ሴሪፍ የምትባለው አግድም መስመር ወፍራም ናት፤ ሆኖም እንደ ጡብ የተለጠፈች አትመስልም፤ ከቋሚው ጋራ የምትገናኘው በለስላሳ ጉብጠት ነው። ወፍራሙና ቀጭኑ መስመርም ልዩነታቸውን ፈጽመው አላጡም። ስለዚህ ፊደሉ ቢጠቁርም የመጽሐፍ ፊደል ዘመድ መሆኑ ይታወቃል። መዝገበ ቃላት የሚገልጥ ሰው ጥቅሙን ወዲያው ይረዳዋል፤ የሚፈልገው ቃል በገጹ ላይ ጠቁሮ ይጠብቀዋል፤ ፍችውን ግን በቀጭኑ ፊደል ያነባል።

የፊደሉ ዕድል ከዚህ ዓላማ አልፎ ሄደ። በ1842ቱ የእንግሊዝ የንድፍ ሕግ መሠረት ያገኘው ጥበቃ ሦስት ዓመት ብቻ ስለ ነበረ፣ ከዚያ በኋላ ሌሎች ቤቶች እየቀዱ አወጡት። በአሜሪካም በእንጨት እየተቀረጸ ለታላላቅ የግድግዳ ማስታወቂያ ዋለ። ከሩቅ ለሚነበብ ጥቂት ቃል ይህ አይነቀፍም። ረጅም አንቀጽ በሙሉ በእርሱ ሲታተም ግን ዓይን ይደክማል፤ ደማቁ የሚለየው በአጠገቡ ቀጭን ሲኖር ነውና የተሠራበትም ምክንያት ይጠፋል።

ይህ ነገር የእኛንም ገጽ ይመለከታል። የብራና ጸሐፊዎቻችን የእግዚአብሔርንና የቅዱሳንን ስም ለይተው ለማሳየት ፊደሉን አላወፈሩም፤ በቀይ ቀለም ጻፉት እንጂ። ዛሬ በኮምፒውተር አንድ ቁልፍ ተጭኖ ማወፈር ቀላል ሆኗል፤ ደማቅ ሆኖ የተሣለ ቅርጽ በሌለበት ጊዜም መሣሪያው ራሱ መስመሩን ያወፍረዋል። በግዕዝ ፊደል ላይ የዚህ ጉዳት ከላቲኑ ይከፋል። «ቤ»ን ከ«ቢ»፣ «ሴ»ን ከ«ሲ» የምትለየው በእግሩ ጫፍ ያለችው ትንሽ ቀለበት ናት፤ እርሷ በቀለም ስትሞላ «ቤት» የሚለው ቃል «ቢት» ተብሎ ወደ መነበብ ይደርሳል።

ስለዚህ እንደ እኛ አስተያየት፣ ለግዕዝ ደማቅ ፊደል የሚቀርጽ ሰው ከቋሚው ውፍረት በፊት የቀለበቷን ባዶ ቦታ ይለካ፤ ጽሑፉን የሚያሳትም ተማሪም በአንድ ገጽ ላይ የትኞቹ ቃላት ጎልተው መታየት እንደሚገባቸው አስቀድሞ ይወስን።