ጨለማን በጆሮ

«ቲፍ፦ ዘ ዳርክ ፕሮጀክት»ን ከብዙ ዓመታት በኋላ ስከፍተው መጀመሪያ ያየሁት እርጅናውን ነው። የዘበኞቹ ፊት ሣጥን ላይ የተለጠፈ ሥዕል ይመስላል፤ እጃቸውም ከእንጨት የተጠረበ ነው የሚመስለው። እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣ የኮምፒውተር ጨዋታ ነውና አልፈርድበትም። የክፍሌን መብራት አጥፍቼ ማዳመጫ ጆሮዬ ላይ ሳደርግ እርጅናው ተረሳኝ።

በጨዋታው የምመራው ጋሬት ሌባ ነው። ሰይፍ ታጥቋል፤ ሁለት ዘበኛ ከከበበው ግን አይበረክትም። ጉልበቱ አለመታየቱና አለመሰማቱ ነው። ስክሪኑ ግርጌ ያለችው ዕንቁ ብርሃን ላይ ስቆም ትደምቃለች፣ ጥላ ውስጥ ስገባ ትጠቁራለች። ችቦ ካስቸገረኝ በውሃ ቀስት አጠፋዋለሁ። እንዲህ ያለውን ብልሃት በኋላ የመጡ ጨዋታዎችም ለምደውታል። ድምፅን በዚህ ልክ ያከበረ ግን ብዙ አላገኘሁም። እዚህ ድምፅ ግድግዳ በስቶ አይመጣም፤ በበርና በኮሪደር ዞሮ ይደርሳል፣ በሩ ሲዘጋ ይታፈናል። ዘበኛውም የእኔን ኮቴ የሚሰማው በዚያው መንገድ ነው። ስለዚህ እግሬን የማሳርፍበት ሁሉ ያሳስበኛል፦ ምንጣፍ ይሸሽገኛል፣ ሸክላ ንጣፍ ያጋልጠኛል፣ ብረት ጭራሽ ይጮኽብኛል። የድምፅ ባለሙያው ኤሪክ ብሮሲየስ ይህን ዓለም የሞላው ከሙዚቃ ይልቅ በጉርምርምታና በንፋስ ነው፤ ሙዚቃው የት አልቆ ሕንፃው የት እንደሚጀምር መለየት ያቅተኛል።

ሁሉም ምዕራፍ እኩል አይደለም። «ቦንሆርድ» የሚባለው የመቃብር ዋሻ ያን ጊዜም አሰልችቶኛል፣ ዛሬም አሰልችቶኛል። በድን ሆኖ የሚንከላወስ ሬሳ በዱላ ተመትቶ አይተኛም፣ ወሬ የለው፣ ልማድ የለው፤ ሌባ ደግሞ የሚሰርቀው የሰውን ልማድ አጥንቶ ነው። ቆንስታንቲን የሚባለው ሰው ቤት የሚዘረፍበት ምዕራፍ ግን አሁንም ያስደነግጠኛል። ካርታው ከተወሰነ ቦታ በላይ አያደርስም፤ ከዚያ ወዲያ ኮሪደሩ ይጣመማል፣ ጣሪያና ወለል ይገለባበጣል።

ይበልጥ የማከብረው የክብደት ደረጃውን ነው። ከፍ ባለ ቁጥር ተጫዋቹ የሚጠበቅበት ሥራ ይጨምራል፤ በላይኛው ደረጃ ሰው መግደል ክልክል ነው። ጥንቃቄ እንደ ቅጣት ሳይሆን እንደ ሙያ ተቆጥሯል።

እ.ኤ.አ. በ2014 በዚሁ ስም ሌላ ጨዋታ ወጥቷል፤ መልኩ እጅግ ያምራል። መውጫ ገመድ የሚዘረጋው ቀስት ግን የሚሰካው በተመደበለት ቦታ ብቻ ነው። በጥንቱ እንጨት ባለበት ሁሉ ይሰካል፤ መንገዱን የሚያገኘው ተጫዋቹ ራሱ ነው። የጥንቱን ጨዋታ ሠርቶ ይህን እምነት የጣለብን ሉኪንግ ግላስ ስቱዲዮ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2000 ተዘጋ። የ«ቲፍ»ን ሁለተኛ ክፍል ካወጣ ገና ጥቂት ወራት ነበር። ዛሬም ይቆጨኛል።

ትናንት ማታ በጨዋታው ውስጥ ሎርድ ባፎርድ የሚባል ባለጠጋ ቤት ደጃፍ ጥላ ውስጥ ቆሜ ሁለት ዘበኞች ስለ ድብ ግጥሚያ ሲያወሩ ሰማሁ። ወሬው በልጅነቴ በቃሌ የያዝኩት ነው። ሆኖም እስኪጨርሱ አልተንቀሳቀስኩም።