አስመራን ማየትና አስመራን መስማት፦ «ኦሮማይ»ን እንደገና ስናነብ

 በዚህ ዕትም የመጻሕፍት ገጽ ላይ የምናነሳው የበዓሉ ግርማን «ኦሮማይ» ነው። መጽሐፉ አዲስ አይደለም፤ የታተመው በ1975 ዓ.ም. ነው። እሱን ለማንሳት ግን ሁለት ምክንያት አለኝ። አንደኛ፣ እ.ኤ.አ. በ2025 በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ ስለወጣ አማርኛ የማያነቡ የደቡብ ሱዳን፣ የኮንጎና የሶማሊያ ባልደረቦቻችንም አንብበውት ሊጠይቁን ይችላሉ። ሁለተኛ፣ መጽሐፉ እዚህ ካምፕ ውስጥ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር አንዱ «መጽሐፍ ማለት ይሄ ነው!» ሲል፣ ሌላው ገጹን ዘግቶ ዝም ይላል። ስለዚያ ዝምታ መነጋገር ያለብን ይመስለኛል።

ታሪኩ በአጭሩ እንዲህ ነው። ተራኪው ፀጋዬ ኃይለማርያም የአዲስ አበባ ጋዜጠኛ ነው። ጊዜው 1974 ዓ.ም.፣ ደርግ «የቀይ ኮከብ ሁለገብ አብዮታዊ ዘመቻ» ብሎ የኤርትራን ጉዳይ ለመጨረሻ ጊዜ እቋጨዋለሁ ያለበት ጊዜ ነው። «ሁለገብ» የተባለው ውጊያ ብቻ ስላልነበረ ነው። የቆሙ ፋብሪካዎችን ማንቀሳቀስና ሕዝብ መቀስቀስም ነበረበት። ፀጋዬ የፕሮፓጋንዳውን ሥራ እንዲመራ ይታዘዝና እጮኛውን ሮማንን ትቶ ወደ አስመራ ይበራል። እዚያም ከተማዋን ይወዳል፤ ፊያሜታ ጊላይ የምትባል የአስመራ ልጅም ይወዳል። ታሪኩ ከስብሰባ አዳራሽና ከቡና ቤት ተነስቶ እስከ ናቅፋ ተራሮች ይዘልቃል። በእውነተኛው ታሪክም ሠራዊቱ ናቅፋን ሳይዝ ቀርቷል።

በዓሉ ይህን የጻፈው በወሬ ሰምቶ አይደለም። የማስታወቂያ ሚኒስቴር ከፍተኛ ባለሥልጣን ስለነበር ዘመቻውን ከውስጥ አይቶታል። መጽሐፉ እንደወጣ ታገደ፤ እሱም ከሥራው ተነሳ። በየካቲት 1976 ዓ.ም. ደግሞ ከቤቱ እንደወጣ ሳይመለስ ቀረ። ስለዚህ ስለ ጉድለቱ ስንናገር፣ ለጻፈው ነገር በሕይወቱ የከፈለ ሰው መሆኑን ሳንረሳ ነው።

ለወጣት ተማሪዎቻችን ትንሽ ታሪክ ልጨምር። ኤርትራ እ.ኤ.አ. ከ1890 ጀምሮ የጣሊያን ቅኝ ግዛት ነበረች። ከ1941 እስከ 1952 በእንግሊዝ አስተዳደር ሥር ቆየች። የተባበሩት መንግሥታት በ1950 በወሰነው መሠረት በ1952 ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን ስትቀላቀል የራሷ ምክር ቤት፣ የራሷ ባንዲራ፣ ትግርኛና ዓረብኛም የሥራ ቋንቋዎቿ ነበሩ። ይህ ሁሉ እየተሸረሸረ ሄደ። ባንዲራዋ በ1958 ወረደ፤ በኅዳር 1962 ፌዴሬሽኑ ራሱ ፈረሰ። የትጥቅ ትግሉ የተጀመረው ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ በመስከረም 1961 ነው። በ1991 አስመራ በሻዕቢያ እጅ ገባች፤ በ1993 ሕዝበ ውሳኔ ተደርጎ ኤርትራ ነጻ አገር ሆነች። እንግዲህ «ኦሮማይ» የተጻፈው አስመራ በወረቀት ላይ የአንድ አገር አንድ ክፍለ ሀገር ዋና ከተማ በነበረችበት ጊዜ ነው። እኛ የምናነበው ደግሞ ያ አገር ሁለት ከሆነ በኋላ፣ ከ1998 እስከ 2000 የሁለቱ አገሮች ጦርነት ከተካሄደም በኋላ ነው። እዚህ ክፍል ውስጥ በአንድ ወንበር ላይ የሚቀመጡ ልጆች ወላጆቻቸው በዚያ ጦርነት ትይዩ ምሽግ ውስጥ የነበሩ ሊሆኑ ይችላሉ።

አሁን ወደ ትችቱ ልግባ። መጀመሪያ ጥንካሬውን ልናገር።

በዚያ ዘመን የመንግሥት ቋንቋ «አንድ ሕዝብ» የሚል ነበር። በዓሉ ግን አስመራ እንደ አዲስ አበባ እንዳልሆነች ሳይደብቅ ጽፏል። የከተማዋ አሠራር፣ የሰዉ አለባበስና አካሄድ፣ የአመሻሹ ሽርሽር፣ የንግግሩ ለዛ ሁሉ የተለየ መሆኑን ተራኪው ያያል፤ ያደንቃልም። ርዕሱን ራሱን ተመልከቱት። «ኦሮማይ» ከጣሊያንኛው «ኦርማይ» የመጣና አስመራ የራሷ ያደረገችው ቃል ነው። አበቃለት፣ ከእንግዲህ ዋጋ የለውም እንደማለት ነው። አንድ የአማርኛ ልቦለድ ለርዕሱ የሚሆን ቃል ከአስመራ ሰው አፍ መዋሱ ቀላል ነገር አይደለም። አዲስ አበባ ለዚያ ስሜት የሚሆን ቃል ስላጣች አስመራን የጠየቀች ይመስላል።

ሁለተኛው ጥንካሬ ሐቀኝነቱ ነው። የዘመቻው ሰዎች ፋብሪካው ሲሠራ፣ መብራቱ ሲበራ፣ ቅስቀሳው ሲጧጧፍ ጥያቄው በራሱ ይቀልጣል ብለው ያስባሉ። መጽሐፉ ይህ ተስፋ እንዴት እንደሚመናመን ገጽ በገጽ ያሳየናል። የፕሮፓጋንዳ ኃላፊው ራሱ ፕሮፓጋንዳው የማይሠራበትን ቦታ ያየዋል። ይህን በዚያ ዘመን መጻፍ ድፍረት ይጠይቃል።

ታዲያ ጉድለቱ የቱ ላይ ነው? እንደኔ ንባብ፣ መጽሐፉ አስመራን አሳምሮ ያያታል፤ የሚሰማት ግን ጥቂት ነው። ማየትና መስማት ደግሞ የተለያዩ ናቸው።

በንባብ ሰዓታችን አንዲት የኤርትራ ልጅ አንድ ጥያቄ ጠየቀች። እነዚያ ከአዲስ አበባ የመጡ ሰዎች ተቀምጠው ሲጫወቱ፣ መጠጡን የሚያቀርበው አስተናጋጅ ምን እያሰበ ነበር? ክፍሉ ፀጥ አለ። እስቲ እናንተም መጽሐፉን ከፍታችሁ ፈልጉ። ኤርትራውያን ገጸ ባሕርያት የሉም ማለቴ አይደለም፤ አሉ። ነገር ግን በአብዛኛው ወይ በፍቅር ታሪኩ፣ ወይ በስለላና በሴራ ታሪኩ ውስጥ ነው የምናገኛቸው። ፍቅረኛም ሰላይም ያልሆነው፣ ጠዋት ተነስቶ ሥራ የሚሄደው፣ ልጁ በረሃ የወጣበት አባት፣ ደመወዙ የዘገየበት አስተማሪ፣ የሁለቱንም ወገን ወሬ ሰምቶ በሩን የሚዘጋው ሰው ድምፁ ቀጭን ነው። ደርግ ሊያሸንፍ የፈለገው ልቡን ሆኖ ሳለ የማያውቀው ሰው ይኸው ነበር።

ሌላው ነገር ፊያሜታ ናት። ሮማን አዲስ አበባ፣ ፊያሜታ አስመራ፤ አንድ ወንድ በሁለቱ መካከል። አንባቢ ሳይነገረው ይገባዋል፤ ፀጋዬ ፊያሜታን ሲወድ አስመራን መውደዱ ነው። ታሪኩን የሚያጣፍጠውም ይኸው ነው። ግን አንድን ክፍለ ሀገር በቆንጆ ሴት መመሰል አደጋ አለው። ቆንጆ ሴት በእንዲህ ዓይነት ታሪክ ውስጥ የምትወደድ፣ የምትማረክ ወይም የምታታልል ናት እንጂ «የምፈልገው ይሄ ነው፣ የማልፈልገው ይሄ ነው» ብላ ጠረጴዛ ላይ የምትደራደር አይደለችም። የልዩነትን ውበት የሚያደንቅ ሰው የልዩነትን ጥያቄ የመለሰ ሊመስለው ይችላል። አልመለሰም። ፌዴሬሽኑ ሲፈርስ የአስመራን መንገዶች ውበት የካደ ሰው አልነበረም፤ የተካደው የምክር ቤቷ ድምፅ ነው።

የአስመራ ውበትም ቢሆን ታሪክ አለው። ዛሬ ከተማዋ ከ2017 ጀምሮ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግባለች። በ1930ዎቹ የተሠሩት እንደ ሲኒማ ኢምፔሮና እንደ ፊያት ታሊዬሮ ያሉ ሕንጻዎች በዓለም የታወቁ ናቸው። ነገር ግን እነዚያ ሰፋፊ መንገዶች ሲነጠፉ ከተማዋ በዘር ተከፋፍላ ነበር፤ ጣሊያኑ በአንድ ሰፈር፣ የአገሬው ሰው እንደ አባ ሻውል ባሉ ሰፈሮች። የአስመራን ጽዳትና ሥርዓት ብቻ አድንቆ የሚያልፍ ጎብኚ ይህን ሊያየው አይችልም። ከዚህም ሌላ አስመራ ብቻዋን ኤርትራ አይደለችም። ዘጠኝ ብሔረሰቦች ያሉባት አገር ናት። ናቅፋ ያለችበት ሳሕል ትግረ ተናጋሪው እረኛ የሚኖርበት ምድር ነው። በጦርነቱ ታሪክ ውስጥ ግን ያ ምድር ተራራና ምሽግ ብቻ ሆኖ ይቀራል። መሐል አገሩ ዳሩን ሳያይ እንደሚቀር ሁሉ፣ ዳሩም የራሱን ዳር ሳያይ ሊቀር ይችላል።

እዚህ ላይ አንድ ባልደረባዬ የሚያነሳውን መከራከሪያ ላቅርብ። «ሰውየው የመንግሥት ባለሥልጣን ነበር፤ ዘመኑ 1975 ነው። ያን ያህል በመጻፉ ብቻ ጠፋ። ከዚህ በላይ ምን ይጻፍ ትለዋለህ?» ይለኛል። ልክ ነው። ደግሞም በዓሉ ራሱ የመሐል አገር ሰው ብቻ አልነበረም። የተወለደው ኢሉባቦር ሱጴ ነው፤ አባቱ ሕንዳዊ፣ እናቱ የአካባቢው ልጅ ናቸው። ዳር መሆን ምን እንደሆነ ሳያውቅ አልቀረም። የእኔ ትችት እሱን ለመውቀስ አይደለም። የምለው ለእኛ ለአንባቢዎች ነው፤ «ኦሮማይ»ን አንብቤአለሁና ኤርትራውያንን አውቃለሁ አንበል። መጽሐፉ በደንብ የሚያሳውቀን ከአዲስ አበባ ወደ አስመራ የሄደውን ሰው ነው። እሱን ለማወቅ ከዚህ የተሻለ የአማርኛ ልቦለድ አላውቅም።

ይህ ጉዳይ የድሮ ታሪክ ብቻ ቢሆን ኖሮ ገጹን አላጣብብም ነበር። ኢትዮጵያ በ1995ቱ ሕገ መንግሥት ዘጠኝ ክልሎች ነበሯት፤ ሲዳማ በ2020፣ ሌሎቹም በ2021ና በ2023 ተጨምረው ዛሬ አሥራ ሁለት ሆነዋል። ከ2020 እስከ 2022 በትግራይ የነበረው ጦርነት ስንቱን እንዳፈናቀለ መንገር አያስፈልግም። ደቡብ ሱዳን በ2011 ነጻ ወጣች፤ በታኅሣሥ 2013 ግን እርስ በርስ ጦርነት ውስጥ ገባች። መለያየት ብቻውን ጥያቄውን አይዘጋውም፤ አንድ መሆን ብቻውንም አይዘጋውም። ሩቅ ሳንሄድ፣ የሰሜን ኬንያ ሰው ወደ ደቡብ ሲጓዝ «ወደ ኬንያ እየሄድኩ ነው» ይላል ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። ቀልድ ይመስላል፤ ግን ቀልድ ብቻ አይደለም።

ወደ ካምፓችን ስንመጣም ተመሳሳይ ነገር አለ። በየዓመቱ ሰኔ 20 (በፈረንጆቹ) የስደተኞች ቀን ሲከበር መድረኩ ያምራል። እስክስታው፣ ጓይላው፣ የሶማሌው ዳንቶ፣ የዲንካው ዝላይ ሁሉ ይቀርባል፤ እናጨበጭባለን፣ ፎቶ እንነሳለን። በማግሥቱ የትምህርት ኮሚቴ ሲሰበሰብ ግን ስብሰባው በየትኛው ቋንቋ ይሆናል? ትናንት ያጨበጨብንላት እናት ገብቷት ነው የተቀመጠችው ወይስ ለፊርማ ብቻ? ባህል ለመድረክ፣ ውሳኔ ለሌላ ሰው ከሆነ እኛም «ኦሮማይ»ን በትንሹ እየደገምነው ነው። ልዩነትን ማክበር ማለት ለልዩነቱ ማጨብጨብ ብቻ አይደለም። ልዩ የሆነው ሰው «እምቢ» ሲል ቆም ብሎ መስማት ነው።

መጽሐፉን በክፍል ለምታስነብቡ መምህራን ሦስት ሥራዎችን ልጠቁም።

1. አንድ ምዕራፍ መርጣችሁ፣ ተማሪዎች ያንኑ ትዕይንት ዝም ካለው ሰው አንጻር ይጻፉት፤ ከአስተናጋጁ፣ ከሾፌሩ፣ ከጽዳት ሠራተኛዋ። በፈለጉት ቋንቋ ይጻፉ፤ ትርጉሙ በኋላ ይደርሳል።

2. ተራኪው አስመራን የሚገልጽባቸውን ቃላት በሁለት ረድፍ ያስቀምጡ፤ በአንዱ ያየውን፣ በሌላው የሰማውን። የትኛው ረድፍ እንደሚረዝም አብራችሁ ተመልከቱ።

3. እያንዳንዱ ተማሪ ከገዛ አገሩ ውስጥ የማያውቀውን አንድ አካባቢ ይጥቀስ። ስለዚያ አካባቢ ሰው ሲነገር የሰማውንም ይጻፍና፣ ያን የነገረው ማን እንደነበር ይጠይቅ።

አንድ ማሳሰቢያ ግን አለኝ። ውይይቱ ላይ የኤርትራ ተማሪ ስለ ኤርትራ፣ የትግራይ ተማሪ ስለ ትግራይ መልስ እንዲሰጥ አታስገድዱ። ማንም ልጅ የአገሩ ቃል አቀባይ ሆኖ ክፍል አልገባም። ሲፈልግ ይናገራል፤ ዝም ካለም ዝምታው ይከበር።

በመጨረሻ «ኦሮማይ»ን አንብቡ እላለሁ። ፍቅሩን፣ ፍጥነቱን፣ የአማርኛውን ውበት አጣጥሙት፤ በዓሉን የመሰለ ተራኪ በቀላሉ አይገኝም። ስታነቡ ግን አንድ ጆሯችሁን ከመጽሐፉ ውጭ ላለው ሰው ተዉለት። ያ ገጹን ዘግቶ ዝም ያለው ጓደኛችሁ ምናልባት መጽሐፉን ስላልወደደው ላይሆን ይችላል። መጽሐፉ ውስጥ ራሱን ፈልጎ፣ ከተማውን ብቻ አግኝቶ ይሆናል።