«የመጀመሪያው እንቅልፍ» እና የሰው ባሕርይ

ፕሮፌሰር ሮጀር ኢከርች «ቀኑ ሲመሽ፤ ሌሊት በቀድሞ ዘመን» በሚል ስም እ.ኤ.አ. በ2005 በእንግሊዝኛ ያሳተሙት መጽሐፍ የእንቅልፍን ታሪክ አጥኚዎች አሳብ እጅግ የለወጠ ሥራ ነው። ደራሲው ከፍርድ ቤት መዛግብት፥ ከዕለት ማስታወሻዎች፥ ከጸሎትና ከሕክምና መጻሕፍት ማስረጃ እየለቀሙ፥ የምዕራብ አውሮፓ ሕዝብ ከኢንዱስትሪ ዘመን በፊት ሌሊቱን ለሁለት ከፍሎ ይተኛ እንደ ነበር አስረድተዋል። ሰዎች ከ«መጀመሪያው እንቅልፍ» ነቅተው አንድ ሰዓት ያህል ይጸልዩ፥ ይጨዋወቱ፥ ሕልማቸውንም ያሰላስሉ ነበር፤ ከዚያም ወደ «ሁለተኛው እንቅልፍ» ይመለሳሉ። ይህን ልማድ ያጠፋው በተለይ የሰው ሠራሽ ብርሃን መስፋፋት ነው ይላሉ።

እስከዚህ ድረስ ማስረጃው የጸና ነው። ችግሩ የሚጀምረው ደራሲው ከአንድ ክፍለ ዓለም ልማድ ተነሥተው ስለ ሰው ሁሉ ተፈጥሮ ወደ መናገር ሲያዘነብሉ ነው። ለዚህም የናይጄሪያን የቲቭ ሕዝብ አነጋገርና የዶክተር ቶማስ ዌርን ሙከራ ይጠቅሳሉ፤ በዚህ ሙከራ በየሌሊቱ 14 ሰዓት በጨለማ እንዲቆዩ የተደረጉ ሰዎች ከሳምንታት በኋላ እንቅልፋቸው ለሁለት ተከፍሏል። ነገር ግን እንዲህ ያለው ረጅም ጨለማ የሰሜን አገሮች የብርድ ወራት ሌሊት ነው እንጂ፥ ዓመቱን ሙሉ ሌሊቱ 12 ሰዓት ያህል የሆነው የምድር ወገብ አካባቢ አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ጥናት በታንዛኒያ ሐድዛ፥ በናሚቢያ ሳን፥ በቦሊቪያም ጺማኔ ሕዝቦች ዘንድ የ94 ሰዎችን እንቅልፍ በእጅ በሚታሰር መሣሪያ ለክቷል። የኤሌክትሪክ መብራት ባይኖራቸውም የሚተኙት ፀሐይ ከጠለቀች ከሦስት ሰዓት ያህል በኋላ ነው፤ እንቅልፋቸውም በአማካይ ከ5.7 እስከ 7.1 ሰዓት ሲሆን ለሁለት የመከፈል ልማድ አልታየበትም። በአንጻሩ እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ሌላ ጥናት መብራት በሌለው የማዳጋስካር የገበሬዎች መንደር የተከፈለ እንቅልፍ አግኝቷል። ስለዚህ የመብራት መኖርና አለመኖር ብቻውን ነገሩን አይወስንም።

ሥርዓትም የራሱ ኃይል አለው። ኢትዮጵያ የምትገኘው በሐሩር ክልል ስለ ሆነ ሌሊቷ እንደ ሰሜን አውሮፓ አይረዝምም፤ ይሁን እንጂ ካህናት ለሰዓታትና ለማኅሌት በሌሊት ይነሣሉ። የሚቀሰቅሳቸው የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ነው እንጂ የጨለማው ርዝመት አይደለም።

ክርክሩ የመዛግብት ብቻ አይደለም፤ ጤናንም ይነካል። በእኩለ ሌሊት የሚነቃውን ሰው አንዱ «ታመሃል» ይለዋል፤ ሌላው «ወደ አባቶችህ ተፈጥሮ ተመለስህ» ይለዋል። ሁለቱም የአንድን ሕዝብ ልማድ የሰው ሁሉ መለኪያ በማድረግ ይስታሉ። የመጽሐፉ ዋና ዋጋ እንቅልፍ ታሪክ ያለው መሆኑን ማሳየቱ ነው፤ ከእርሱም የሚማር ተመራማሪ ሰው ስንት ሰዓት እንደ ተኛ ብቻ ሳይሆን፥ ለምን እንደ ነቃ፥ ከማን ጋር እንደ ነቃ፥ በማግሥቱም ሥራውን በምን ኃይል እንደ ሠራ ሊጠይቅ ይገባዋል።