ህንድን ከጎንደር ሆኖ መመርመር፤ በ«በረላም ወይዋስፍ» ላይ የቀረበ ሒሳዊ ሐተታ

የጎንደር ቤተ መንግሥት ግቢ በታሪክ ትምህርት ሲነሣ ዘወትር የሚቀድመው ጥያቄ «ማን ሠራው?» የሚል ነው። የተለመደውም መልስ «ፖርቱጋሎች» የሚል ሆኖ ቆይቷል። ይህ መልስ ከዘመኑ ቅደም ተከተል ጋር አይጣጣምም። አፄ ፋሲል ኢየሱሳውያንን ከአገር ያስወጡት በ1630ዎቹ መጀመሪያ ሲሆን፣ ጎንደርን መናገሻ ያደረጉት ከዚያ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1636 ገደማ ነው። በአንጻሩ የአፄ ሱስንዮስ ዜና መዋዕል የደንቀዝን ቤተ መንግሥት ከሠሩት መካከል ዐብደል ከሪም የተባለ ህንዳዊ ባለሙያን ይጠቅሳል። እ.ኤ.አ. በ1648 ጎንደር የደረሰው የየመን መልእክተኛ ሐሰን ኢብን አሕመድ አልሐይሚም የፋሲልን ግንብ የሠራው ዋና ግንበኛ ህንዳዊ እንደ ነበረ ጽፏል።

ይሁን እንጂ «ፖርቱጋሎች» የሚለውን ሰርዞ «ህንዶች» ብሎ መተካት ብቻውን ዕውቀት አይሆንም። ንጉሡ አዝዘው፣ የአገሩ ሰው ድንጋዩን ጠርቦና ኖራውን አቡክቶ፣ ለአገሩ ሥርዓተ መንግሥት የሚስማማ ሆኖ የቆመ ሕንፃ የአንድ እንግዳ ባለሙያ ሥራ ተብሎ አይጠቃለልም። ስለዚህ ከ«ማን አመጣው?» ይልቅ «ተቀባዩ ምን አደረገው?» የሚለው ጥያቄ የበለጠ ያስተምራል። ለዚህ ጥያቄ ሙሉ መልስ የሚገኘው ግን ከግንቡ ሳይሆን ከመጽሐፍ ነው፤ ግንብ ስለ ራሱ አይናገርም፣ መጽሐፍ ግን የተለወጠበትን መንገድ በገጾቹ ይዞ ይኖራል። ያም መጽሐፍ «በረላም ወይዋስፍ» ነው።

መጽሐፉን ከዐረብኛ ወደ ግእዝ የመለሱት፣ ከየመን መጥተው የደብረ ሊባኖስ እጨጌ ለመሆን የበቁት አባ ዕንባቆም ናቸው። የተረጎሙትም በአፄ ገላውዴዎስ ዘመን እ.ኤ.አ. በ1553 ነው፤ ይህም ጎንደር መናገሻ ከመሆኗ ሰማንያ ዓመት ያህል ቀድሞ ማለት ነው። ታሪኩ በአጭሩ የሚከተለው ነው፦ ጣዖት አምላኪ የሆነ የህንድ ንጉሥ ወንድ ልጅ ይወለድለታል። ልጁ ሃይማኖት እንደሚለውጥ ትንቢት ስለ ተነገረ፣ ንጉሡ ሕመምንና እርጅናን፣ ሞትንም እንዳያይ በቤተ መንግሥት ዘግቶ ያሳድገዋል። ልዑሉ ይዋስፍ ግን በሽተኞችንና አንድ ሽማግሌ ያያል፤ ልቡም ይታወካል። በዚህ ጊዜ መነኩሴው በረላም ነጋዴ መስሎ፣ ክቡር ዕንቍ ይዣለሁ ብሎ ይገባና የክርስትናን ሃይማኖት ያስተምረዋል።

የዚህ ታሪክ መነሻ የቡድሃ ገድል መሆኑ በሊቃውንት ዘንድ ከታወቀ ቆይቷል። የግእዙን ቅጂ ወደ እንግሊዝኛ ተርጉሞ እ.ኤ.አ. በ1923 ያሳተመው ዎሊስ በጅም ይህንኑ ዝምድና አመልክቷል። ታሪኩ ከህንድ ወደ ፋርስ፣ ከፋርስ ወደ ዐረብኛ፣ ከዐረብኛ ወደ ጆርጅያ ቋንቋ፣ ከዚያም ወደ ግሪክኛ ተሻግሯል። ከግሪክኛው የተገኘው የክርስቲያኖች ዐረብኛ ደግሞ የግእዙ ምንጭ ሆኗል። የጉዞው ምስክር የልዑሉ ስም ነው። «ቦዲሳትቫ» የሚለው የህንድ ማዕርግ በዐረብኛ «ቡዳሳፍ» ተባለ፤ በዐረብኛ ጽሕፈት የቃል መነሻ የሆኑት የ«ብ» እና የ«ይ» ፊደላት የሚለዩት በነጥብ ብቻ ስለሆነ «ዩዳሳፍ» ተብሎም ተነበበ፤ ከብዙ ቅብብሎሽ በኋላ «ይዋስፍ» ሆነ።

ሒሳዊ ንባብ ግን ዝምድናን በማሳየት አይቆምም፤ ልዩነቱንም መመዘን አለበት። በህንዱ ትውፊት ልዑል ሲድሃርታ እርጅናን፣ ሕመምንና ሞትን አይቶ ሚስቱንና ልጁን ትቶ በሌሊት ይወጣል፤ የመጨረሻውንም ብርሃን ያገኘው ማንም ሳይሰጠው በራሱ ተመስጦ ነው። በ«በረላም ወይዋስፍ» ግን ልዑሉ ፈልጎ ከመውጣቱ በፊት መምህር እቤቱ ድረስ ይመጣለታል። የብቸኛ ፈላጊ ታሪክ የነበረው የመምህርና የደቀ መዝሙር ታሪክ ሆኗል። ትልቁ ለውጥ ይህ ነው፤ የመጽሐፉ ጥንካሬም ድካሙም ከዚሁ ይመነጫል።

ጥንካሬው በረላም በምሳሌ ማስተማሩ ነው። አውሬ የሚያሳድደው ሰው ከጉድጓድ አፋፍ ዛፍ ላይ ተንጠልጥሎ፣ ነጭና ጥቁር አይጦች ሥሩን ሲቈርጡበት፣ ከቅርንጫፉ የሚንጠባጠበውን ማር እየላሰ አደጋውን ይረሳል። አይጦቹ ቀንና ሌሊት ናቸው። ይኸው ምሳሌ በህንዱ ታላቅ መጽሐፍ በማሃባራታም ይገኛል። ሰሙን ከወርቁ መለየት የለመደ የጎንደር ቅኔ ቤት ተማሪ ምሳሌውን ለመፍታት ማንም አያስፈልገውም።

ድካሙ ደግሞ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ረጃጅሞቹ ስብከቶች የታሪኩን ፍሰት ያቋርጣሉ፤ ይዋስፍም በብዙ ገጾች ሰሚ ብቻ ሆኖ ይቀራል። ሁለተኛ፣ ለትምህርት ዓላማ የበለጠ የሚከብደው፣ ታሪኩን የወለደችው ህንድ በመጽሐፉ ውስጥ የጣዖት አገር ብቻ ሆና መታየቷ ነው። የራሷ አሳብ የሚሰማው ሊረታ በቀረበ ሙግት መልክ ብቻ ነው። ስለዚህ መጽሐፉ ወደ ህንድ የሚያስገባ በር ነው እንጂ የህንድ መልክ አይደለም። ይህን ሳይለይ የሚያስተምር መምህር የተማሪውን ጉጉት ቀስቅሶ በተሳሳተ ሥዕል ያረካዋል።

ግንኙነቱም ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሄደ አልነበረም። ዐብደል ከሪም ደንቀዝን በሠራበት ዘመን አካባቢ፣ ከኢትዮጵያ በባርነት የተወሰደው ማሊክ አምባር በደቡብ ህንድ ደከን የአሕመድናጋርን መንግሥት በእንደራሴነት ይመራ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1626 እስከ ሞተ ድረስ የሙጋሎችን ጦር ተቋቁሟል፤ በኋላ አውራንጋባድ የተባለችውንም ከተማ ቈርቍሯል። ከህንድ ወደ ጎንደር አካባቢ የመጣ ግንበኛና ከኢትዮጵያ ወደ ህንድ የተወሰደ መሪ ጎን ለጎን ሲቀርቡ፣ አንዱን ሕዝብ ሰጪ ሌላውን ተቀባይ ብቻ አድርጎ የማየት ልማድ ይፈርሳል።

በንጉሠ ነገሥቱ ዘመንም ሆነ ከዚያ በኋላ ብዙ የህንድ መምህራን በኢትዮጵያ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች አስተምረዋል። ሒሳብን፣ ሳይንስንና እንግሊዝኛን ከእነርሱ የተማረው ትውልድ ስለ አገራቸው ታሪክና ሥነ ጽሑፍ እንዲጠይቅ የሚጋብዝ ምዕራፍ ግን በመማሪያ መጽሐፉ ካልተዘጋጀለት፣ ህንድን የሚያውቀው በመምህሩ አነጋገርና በፊልም ብቻ ይሆናል።

ከዚህ አኳያ መፍትሔው አዲስ የትምህርት ዓይነት መጨመር አይደለም። በታሪክ ክፍለ ጊዜ ዜና መዋዕሉና የአልሐይሚ ዘገባ ጎን ለጎን ቀርበው ተማሪው ራሱ ይመዝናቸው። በአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ክፍለ ጊዜ ከ«በረላም ወይዋስፍ» አንድ ምሳሌ በአማርኛ ተመልሶ ከቡድሃ ታሪክ ጋር ይነጻጸር፤ የተለወጠው ምን እንደሆነና ለምን እንደተለወጠ ይጠየቅ። የሥርዓተ ትምህርት አዘጋጁ ድርሻ እነዚህን ጥቂት ገጾች ማቅረብ ነው፤ የመምህሩ ድርሻ ደግሞ መልሱን ቀድሞ አለመስጠት ነው።