የሰው መልክ፣ ሠዓሊው ተማሪና ፎቶ ቤቱ

ፎቶግራፍ ሥነ ጥበብ ነው ወይስ የእጅ ሥራ ብቻ ነው የሚለው ክርክር በውጭ አገር ካበቃ ቆይቷል። በእኛ ዘንድ ግን ጥያቄው ሌላ ልብስ ለብሶ ይመላለሳል፤ ይኸውም አንድ የሥነ ጥበብ ተማሪ ለመመረቂያው የሰዎችን መልክ በካሜራ አንሥቶ በግድግዳ ላይ ቢሰቅል፣ ሥራው በአዳማ መናኸሪያ አጠገብ ጉርድ ፎቶ ከሚያነሣው ባለሙያ በምን ይበልጣል? የሚለው ነው። ብዙዎች «በሐሳቡ ይበልጣል» ብለው ያልፉታል። ነገሩ ግን እንዲህ በቀላሉ የሚታለፍ አይመስለንም።

ለዚህ ምርመራ ከሚካኤል ፀጋዬ የተሻለ ምሳሌ አይገኝም። ሚካኤል እ.ኤ.አ. በ1975 በአዲስ አበባ ተወልዶ፣ አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም. ባቋቋሙትና በኋላ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ክፍል በሆነው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ሥዕል ተምሮ እ.ኤ.አ. በ2002 ተመረቀ። ወዲያው ግን የዘይት ቀለም ለጤናው የማይስማማው ሆኖ ስለ ተገኘ ብሩሹን አስቀምጦ ካሜራ ያዘ። በትምህርት ቤት ያገኘው የሠዓሊ ትዕግሥት ግን አብሮት መጣ። ስሙ ወደ አማርኛ ሲመለስ «የወደፊት ትዝታዎች» ሊባል በሚችለው ሥራው፣ እየፈረሰ እንደ ገና የሚሠራውን የአዲስ አበባን ከተማ ሲያሳይ፣ ዜና ለማድረስ እንደሚሮጥ ሰው ሳይቸኩል ነው።

ስለ ሰው መልክ የሠራው ትልቁ ሥራው ግን በእኛ አስተያየት ሌላ ነው፤ እርሱም «የነፍስ ገደሎች» ብለን ልንተረጉመው የምንችለው ነው። እንደሚታወቀው በአገራችን የሟች ቤተ ዘመድ በመቃብሩ ድንጋይ ላይ የሟቹን ፎቶግራፍ ያኖራል። ፀሐይና ዝናም ሲፈራረቁበት ወረቀቱ ይሰነጠቃል፤ ቀለሙ ይረግፋል፤ ዐይኑ የነበረበት ቦታ ነጭ ነጠብጣብ ይሆናል። ሚካኤል ያነሣው እነዚህን የተጎዱ ፎቶግራፎች ነው። አንድም ሰው በፊቱ አላስቀመጠም፤ «ቀና በል፣ ወዲህ ተመልከት» አላለም። ሟቹ በሕይወቱ ሳለ በፎቶ ቤት የመረጠውን አቀማመጥ፣ ፎቶ አንሺው ያበራለትን መብራት፣ ኀዘንተኛውም ከብዙ ፎቶግራፎች መካከል ለይቶ ያወጣውን መልክ እንዳለ ተቀበለ። የእርሱ ድርሻ ርቀቱን መመጠንና ፊት ለፊት መቆም ብቻ ነበር። ይህ ትሕትና ለሠዓሊ ቀላል አይደለም።

ነቀፌታ የለውም ለማለት ግን አንችልም። የተላጠው ቀለምና የወረቀቱ ቡግንጅ ለሠዓሊ ዐይን ያማረ ነገር ስለ ሆነ፣ ተመልካቹ አልፎ አልፎ በጉዳቱ ውበት ተወስዶ ከሥሩ ያለውን ሰው ይረሳዋል። ሙታኑም ለሁለተኛ ጊዜ ስማቸውን ያጣሉ።

ወደ ፎቶ ቤቱ እንመለስ። በእኛ አገር የመልክ ፎቶግራፍ በመጀመሪያ የቤተ መንግሥት ነበረ፤ አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጅያን እ.ኤ.አ. በ1905 መጥቶ የዐፄ ምኒልክ ፎቶግራፍ አንሺ ሆነ፤ ከእርሱም በኋላ ልጆቹ ሥራውን ወርሰው እስከ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ዘለቁ። ከዚያ ወዲህ ካሜራው ወደ ተራው ሰው ወረደ። ባቡሩ እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ ከገባ በኋላ በመሥመሩ ላይ ባደጉት በአዳማና በሞጆ፣ እንዲሁም በመኪናው መንገድ ላይ ባሉት በመቂ፣ በባቱና በሻሸመኔ፣ ከብዙ አገር መጥቶ የተቀላቀለ ሕዝብ ሰፈረ። ከከምባታና ከሐዲያ ወርዶ በወንጂ ሸንኮራ አገዳ የቆረጠ ወጣት፣ ሶደሬ የወረዱ ሙሽሮች፣ ወታደር፣ ነጋዴ፣ አስተማሪ ሁሉ፣ አበባ ወይም አውሮፕላን በተሳለበት መጋረጃ ፊት ቆሞ ሲነሣ፣ ለእናቱ ሊልከው የሚወደውን ራሱን ይዞ ነው የቆመው። ኮቱ የተዋሰው ቢሆን እንኳ አቋሙ የራሱ ነበር።

የተማሩ ሰዎች ይህን አቋም «ድርቅ ያለ ነው» ይሉታል። እኛ ግን ድርቀቱ ከጥንት የመጣ ሥርዐት ነው እንላለን። በቤተ ክርስቲያናችን ሥዕል ጻድቃን ፊት ለፊት በሁለት ዐይናቸው ሲሣሉ፣ ሰይጣንና ተከታዮቹ በጎን በአንድ ዐይን ይሣላሉ። የግዕዝ ባለ ቅኔዎችም መልክዕ በሚባለው ድርሰታቸው ቅዱሱን ከራስ ፀጉሩ ጀምረው እስከ እግር ጥፍሩ ድረስ እያንዳንዱን አካሉን በሰላምታ ያመሰግኑታል። መልክን ማየት ሰላምታ መስጠት ነበረ ማለት ነው፤ ሰላምታ ደግሞ ከጀርባና ከጎን አይሰጥም።

የዛሬ ተማሪዎች ከሚያቀርቧቸው የመልክ ፎቶግራፎች ውስጥ ብዙዎቹ የሚጎድላቸው ይህ ነው። የሚነሣው ሰው ሳያውቅ፣ ዘወር ሲል፣ ሲያስብ ወይም ሲያለቅስ ይነሣል፤ ይህም «እውነተኛ» ይባልለታል። ግርማ በርታ በመንገድ የሚያልፉትን ሰዎች በእጅ ስልክ አንሥቶ፣ ከአካባቢያቸው ነጥሎ በአንድ ቀለም ላይ ያኖረበትና እ.ኤ.አ. በ2016 የዓለም ሽልማት ያገኘበት ሥራ ያማረ ነው፤ ነገር ግን የአካሄድ ሥዕል እንጂ የመልክ ሥዕል ነው ለማለት ያስቸግራል። አይዳ ሙሉነህ ደግሞ የሴቶቹን ፊት በነጭ፣ በሰማያዊና በቀይ ቀለም ሸፍና ታነሣለች፤ እርስዋ ግን ሰዪቱን ምሳሌ እንዳደረገቻት በግልጥ ስለምታሳይ የምታታልለው ሰው የለም። የሚያታልለው፣ በመተሐራ ያገኘውን ከረዩ አንሥቶ ከሥሩ «ሽማግሌ» ብሎ የሚጽፈው ተማሪ ነው። ሰውየው ስም የለውምን? በርግጥ ስሙ ቢነገር ጉዳት የሚያገኘው ሰው አለ፤ እንዲህ ያለውን መሰወር ተገቢ ነው። ሌላው ግን ስሙን የሚያጣው ጠያቂ ስላጣ ብቻ ነው።

የፎቶ ቤቱ ሥራ እንዲህ አልነበረም። ወረቀቱን ገልብጣችሁ ጀርባውን ብትመለከቱ የተነሣው ሰው በገዛ እጁ ስሙን፣ ቀኑን፣ ከተማውን፣ ለማን ማስታወሻ እንደ ሆነም ጽፎበታል። በመዝገብ ቤት የሠራ ሰውም ይህን ያውቃል፤ አንድ ሠራተኛ በጡረታ ሲሰናበት የግል ማኅደሩ ተገልጦ ሲታይ፣ ከቅጥር ማመልከቻው ጋር የተያያዘው የሃያ ዓመት ልጅ በሁለት ዐይኑ ትክ ብሎ ይመለከታል። ያን ፎቶግራፍ ያነሣውን ባለሙያ አርቲስት ያለው አልነበረም።

አሁን ሁሉም በስልኩ ራሱን ስለሚያነሣ የቀድሞው የፎቶ ቤት ሥራ ተዳክሟል። መስተዋት ሣጥኑ ውስጥ የነበሩት የሙሽሮች ፎቶግራፎች ተነሥተው ቦታው ለፎቶ ኮፒ መኪና ሲለቀቅ፣ ኔጌቲቩ በካርቶን ተጠቅልሎ ከጓዳ ይቀመጣል፤ ባለቤቱ ሲሞት ልጆቹ ምን እንደ ሆነ ስለማያውቁት ይጥሉታል። የመመረቂያ ሥራ ርእስ የሚፈልግ የአዳማ ወይም የሻሸመኔ ልጅ፣ ሩቅ ሄዶ እንግዳ ፊት ከማደን፣ አንድ ዓመት ከአንድ አሮጌ ፎቶ አንሺ ጋር ተቀምጦ ያንን ካርቶን ቢፈታ፣ በየኔጌቲቩ ያሉትንም ሰዎች በየቀበሌው እየፈለገ ያገኛቸውን በዚያው መጋረጃ ፊት እንደ ገና ቢያነሣቸው፣ መምህራኑ ምን ያህል ነጥብ ይሰጡት ይሆን? ሥራውን ሊያርሙ ሲቀመጡ ከፊቱ በፊት ጀርባውን ገልብጠው እንዲያነቡለት እንለምናለን።